በማሻአላህ ያደገች መኪና

ደሴ ላይ መኪናውን አስጊጦ ከግቢ ብቅ ያለ ሰው «ኧረ ይህስ አልበዛም?» የሚለው አያገኝም። ሌላ ከተማ ቢሆን አንዱ ይስቅበታል፣ ሌላው ዋጋውን ጠይቆ «ተበላህ» ይለዋል። እዚህ ግን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል «ማሻአላህ!» ይላል። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ይመርቃል፤ ለቡና የተሰበሰቡት እናቶች «እንዲያው እንዴት አድርጎ አሳመራት!» ይላሉ። ሰውየውም በማግስቱ ሌላ ነገር ገዝቶ ይለጥፋል። የከተማችን መኪና ጌጥ የሚበዛበት ባለቤቱ ገንዘብ ተርፎት አይደለም፤ ጎረቤቱ እውነቱን መናገር ስለሚያፍር ነው።

ለዚህ ጎረቤቴን ምስክር እጠራለሁ። ሰኞ ገበያ ሱቅ ያለው፣ ደግ፣ ለሰው አሳቢ አባወራ ነው። ሲገዛት አንዲት ያረጀች፣ ግን ጨዋ ነጭ ኮሮላ ነበረች። በመጀመሪያ ወንበሮቿን በአዲስ ቆዳ አስለበሰ። ቆዳው እንዳይቆሽሽ ላስቲኩ አልተነሳም፤ ላስቲኩ እንዳይቀደድ ደግሞ ጨርቅ ለበሰ። ስለዚህ ያ ቆዳ እስከ ዛሬ ሰው ተቀምጦበት አያውቅም። ቀጥሎ ባለቤቱ በእጇ የሠራችው ዳንቴል መጣ። የወንበሮቹን አናት አልፎ ዳሽቦርዱ ላይ ተነጠፈ፤ ጫፉም የፍጥነት መለኪያውን ግማሽ ሸፈነው። ከ60 በላይ ያለው ቁጥር በዳንቴል ስለተጋረደ ያቺ መኪና ከ60 በላይ ሄዳ አታውቅም፤ ቢያንስ እሱ አላየም።

እስከዚህ ድረስ ያለው የቤት ውስጥ ጉዳይ ነው፤ ማንንም አይጎዳም። ጣጣው የጀመረው በጭቃ መከላከያው ነው። ከከባድ መኪና የጎማ ካላማዳሪ ራሱ ቆርጦ ከአራቱም ጎማዎች ኋላ ሰቀለው። ቁመቱን ግን አልለካም፣ ጎማው ውድ ስለሆነ መቁረጡ አሳዘነው። መኪናዋ መንገዱን እየጠረገች መሄድ ጀመረች። መከላከያውን ማሳጠር እንደሚሻል የሚነግረው ስላላገኘ መኪናዋን ከፍ ማድረግ መረጠ። ያረጀ ጎማ በቢላዋ ተቆራርጦ በሞላዎቹ መሐል ተጠቀጠቀ፤ ኮሮላዋም እንደ ፍየል ቆመች። ከፍ ስትል እናቱ መውጣት አቃታቸው፤ ስለዚህ የግቢ በር የሚሠራ ብየዳ ቤት የብረት መርገጫ በየዳላት። መርገጫው ከበደ፣ ጎኗ አጋደለ፣ ለማስተካከል በሌላው ጎን ሌላ መርገጫ ተበየደ። ከጣራው ላይ ያለውን ፖርቶ መጋላ አልቆጠርኩም። ለበዓል በግ ይጫንበታል ተብሎ ነበር የተሠራው፤ በጉ ግን እስካሁን በኋላ ወንበር፣ በዳንቴሉ ላይ ነው የሚመጣው።

ከመሬት ከፍ ያለች መኪና የፊት መብራቷም አብሮ ቀና ይላል። ያ መብራት የሚያበራው አስፋልቱን ሳይሆን ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ነው። ማታ ከፒያሳ ወደ ላይ ሲነዳ ሁሉም ሹፌር «ዝቅ አድርግ» ለማለት ብልጭ ያደርግበታል። እሱ ደግሞ ሰላምታ መስሎት ለእያንዳንዳቸው ብልጭ እያደረገ ይመልሳል። «የአገሬ ሰው ፍቅሩ!» ብሎኛል አንድ ማታ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

ጉሙን ደግሞ እንዴት ልርሳው! ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ጉም ሲወርድባት ሰው የገዛ በሩን ይስታል። ጎረቤቴ ለዚህ ብሎ ከጣራው ላይ ረጅም ነጭ መብራት ሰቀለ። የጉም ጠብታዎች ብርሃንን ወደመጣበት ይመልሱታል። ከዓይን በላይ የተሰቀለ ብርቱ መብራት በጉም ውስጥ ሲበራ ሹፌሩ ፊት ለፊት ነጭ ግድግዳ ይገነባል። ትክክለኛው የጉም መብራት ከፊት መከላከያው ሥር ዝቅ ብሎ የሚገጠመው፣ ብርሃኑንም ወደ ጎንና ወደ መሬት የሚያፈሰው ለዚህ ነው። ይህን በትሕትና ብነግረው በትሕትና መለሰልኝ፦ «ከታች ቢሆን ማን ያየዋል?»

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የጎማው ነገር ነው። ካገለገሉ ጎማዎች መካከል መርጦ አራት ገዛ። በጎናቸው ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፣ በተራራውም ውስጥ የበረዶ ቅንጣት ተስሏል። «አየህ?» አለኝ ተንበርክኮ እያሳየኝ፤ «ይህ ጦሳ ነው። የኛን ብርድ ሰምተውታል ማለት ነው።»

ምልክቱ ግን የበረዶ ጎማ ነው ማለት ነው፤ የዚህ ዓይነት ጎማ አገሩ ሌላ ነው። የመጀመሪያው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1934 ፊንላንድ ውስጥ ነው። ስዊድን ውስጥ መንገዱ በበረዶ ከተሸፈነ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለ እሱ መንዳት አይፈቀድም፤ ሰዉ በዓመት ሁለት ጊዜ ጎማ ይቀይራል። ምክንያቱም የተለመደው ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይደድራል፤ የበረዶው ጎማ ግን ለስላሳ ስለሆነ በብርድም መንገዱን ይይዛል። በሙቀት ደግሞ ቶሎ ይበላል። ልመስክርለት፣ ደሴም ታኅሣሥ ንጋት ላይ ከዚያ በታች የምትወርድበት ጊዜ አለ። በዚያ ሰዓት ግን እሱም መኪናዋም ብርድ ልብስ ለብሰው ተኝተዋል። ከነጋ በኋላ ደግሞ በየቀኑ ዕቃ ለማምጣት የሚወርደው ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ነው።

የተሠሩበትን ጊዜም አሳየኝ። ጎማ ላይ የሚታተሙት አራት ቁጥሮች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ዓመቱን ያመለክታሉ። የእሱ «2310» ይላል። «በ2010 የተሠራ ነው፣ ገና ልጅ ነው» አለኝ። ፋብሪካው ግን በእኛ ዘመን አቆጣጠር አይቆጥርም፤ ያ ጎማ የተሠራው በእኛ ሰኔ 2002 አካባቢ ነው። በአንድ ንባብ ስምንት ዓመት አተረፈ። ብዙ አምራቾች ጎማ ቢበዛ ከ10 ዓመት በኋላ ይጣል ይላሉ። ይህንን ልነግረው አፌን ስከፍት ባለቤቱ ቡና ይዛ መጣች። እኔም ወሎዬ ነኝና «ማሻአላህ» ብዬ ስኒዬን ተቀበልኩ።

በአገሩ ይሉኝታ የሌለው ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ብቻ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህች መንገድ መኪና ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፣ አብዛኛውም ጠመዝማዛ ነው። ልምድ ያለው ሹፌር በከባድ ማርሽ ሞተሩ እየያዘለት ይወርዳል። ጎረቤቴ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ዜሮ አድርጎ በፍሬን ብቻ ይወርዳል፤ መርገጫው፣ ፖርቶ መጋላው፣ መብራቱም ከኋላ ይገፉታል። ባለፈው አብሬው ስወርድ ቁልቁለቱ ሳያልቅ የሚቃጠል ነገር ሸተተን። እሱ የሰው መኪና መሰለው። ኮምቦልቻ ስንደርስ ከፊት ጎማዎቹ ጭስ ይወጣ ነበር፤ ዙሪያችን የቆመው ሰው ግን ጭሱን በዓይኑ እያየ «እንዴት ያለች መኪና ናት፣ ይባርክልህ!» አለ።

መካኒኩ ጎማውን ፈትቶ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ የፍሬን ሸራው አልቋል። ብረት ለብረት ነው የሚፋጨው። ዛሬውኑ መቀየር አለበት።»

ጎረቤቴ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። «ቢቀየር ከውጭ ይታያል?»

«አይታይም።»

ጥቂት አሰበ፤ በቸርኬው ቀዳዳ በኩል ወደ ውስጥ አጮለቀ።

«ቀይ ቀለም ብትቀባውስ?»