የኤምአርአይ መርፌ ክንድን ማግኔት አያደርግም

እህቴ፣ ለሰው አስበሽ እንደጻፍሽው ይገባኛል። ግን «የኤምአርአይ መርፌ የብረት ብናኝ አለበት፤ ከተወጋሽ ክንድሽ ማግኔት ይስባል» ያልሽው ልክ አይደለም። ኤምአርአይ በጠንካራ ማግኔት የሰውነትን ውስጥ በምስል የሚያሳይ ምርመራ ነው። ወሬው ባሕር ዳር ውስጥ በሰፊው እየተወራ ነው፤ ጎረቤቴ ይህን ሰምታ የእናቷን የጭንቅላት ምርመራ ሰርዛለች። በጣም ያሳዘነኝም ይሄ ነው።

ለኤምአርአይ በብዛት የሚወጋው ማድመቂያ፣ ማለትም ምስሉን የሚያጎላው መድኃኒት፣ የሚሠራው ጋዶሊኒየም ከሚባል ንጥረ ነገር ነው፣ ከብረት አይደለም። የብረት ናኖ ብናኝ ያለበትም አለ፤ ፌሩሞክሲቶል ይባላል፣ አሜሪካ በ2009 እ.ኤ.አ. የፈቀደችው የደም ማነስ ላለባቸው የኩላሊት ሕሙማን ነበር። ብናኙ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ማግኔት የሚሆነው ጠንካራ ማግኔት አጠገብ እስካለ ድረስ ነው፣ ከማሽኑ ሲወጡ ያ ጠባዩ ይጠፋል። ከዚያ የጉበትና የጣፊያ ሴሎች ይወስዱትና ብረቱ ለቀይ የደም ሴል ይውላል። አንዱ መርፌ 510 ሚሊግራም ብረት አለው። ጤነኛ ሰው ግን ድሮም ከ3 እስከ 4 ግራም ብረት ይዞ ነው የሚዞረው፤ ማግኔት ሲለጠፍበት አይተሽ ታውቂያለሽ?

ታዲያ ክንድ ላይ የሚለጠፈው ምንድን ነው? ላብና የቆዳ ወዝ። እሑድ ጣና ዳር ቁጭ ብለን ትንሽዬ የፍሪጅ ማግኔት ክንዴ ላይ ጫን አደረግኩ፤ መርፌ ሳልወጋ ተለጠፈ። የሕፃን ፓውደር ነስንሼ ስደግመው ዱብ አለ። አንቺም ሞክሪው።

ፌሩሞክሲቶል የተወጋ ሰው ግን መድኃኒቱ እስከ 3 ወር ድረስ ምስሉን ሊለውጥ ስለሚችል ለኤምአርአይ ባለሙያው ይንገር። ጎረቤቴም የእናቷን ቀጠሮ ዛሬውኑ መልሳ ታስይዝ።