ማስተካከያ፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚሲዮን ኮሌጅ ነበር?

«አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሚሲዮናውያን ተቋቁሞ በኋላ በመንግሥት የተወረሰ ነው» የሚል መረጃ አሁንም ይዞራል። ግማሹ እውነት ነው። እንዲህ ያለው ደግሞ ከሙሉ ስህተት ይልቅ ለማረም ያስቸግራል።

የዩኒቨርሲቲው መነሻ በ1943 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው። ኮሌጁን ያቋቋሙት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ካህናት ማኅበር አባል) ዶክተር ሉሲየን ማት ናቸው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም። ግን ያቋቋሙት በአፄ ኃይለ ሥላሴ ጥያቄ ነው። ኮሌጁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የመንግሥት ነበር። ታዲያ ምኑ ይወረሳል?

ኢየሱሳውያኑ ቀድሞም በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። የገቡበት ስምምነት ደግሞ ጥብቅ ነው፤ ሃይማኖት መስበክ ክልክል፣ የካህን ልብስም አይለበስም። ስለዚህ ክፍል የሚገቡት እንደ ማንኛውም መምህር ኮትና ሱሪ አድርገው ነበር። በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን የመጡት ኢየሱሳውያን አገሩን ካቶሊክ ለማድረግ ሞክረው ያስነሱትን ጣጣ ለሚያውቅ፣ ጥንቃቄው አይገርምም።

በ1954 ዓ.ም. ኮሌጁ ከሌሎች ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ጋር ተጠቃሎ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ንጉሡም የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለቀቁለት፤ ዛሬ ስድስት ኪሎ የምንለው ግቢ ነው። የአሁኑን ስሙን ያገኘው ከአብዮቱ በኋላ ነው።