በአንድ ሌሊት የሚጻፍ የሕይወት ታሪክ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ተቆጥቼ ነው። ቁጣው ከራሴ ይጀምራል፤ ግን ራሴ ላይ ብቻ አይቆምም።

ከጥቂት ወራት በፊት ሰፈራችን ውስጥ አንድ አባት አረፉ። ስማቸውን አልጠራም። ሰፈሩ ሁሉ «ቲቸር» ነበር የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው ልበላቸው። ማታ አራት ሰዓት ላይ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ልጃቸው መጣችና «የሕይወት ታሪክ የሚጽፍ ሰው ጠፋ፤ አንተ ትጽፍልናለህ አይደል?» አለችኝ። ቀብሩ በማግሥቱ ስድስት ሰዓት ነው። ሮጥ ብዬ ላፕቶፔን ከቤት አመጣሁ። እሷም ከቁም ሣጥን ውስጥ አንድ ፌስታል ይዛ መጣች።

ፌስታሉ ውስጥ ጠርዙ የተበላ የመምህርነት ምስክር ወረቀት አለ። ፎቶው የደበዘዘ የዳኝነት መታወቂያ አለ። ገመዱ በላብ የጠቆረ ፊሽካ አለ። ከሥር ደግሞ የወታደር ልብስ የለበሱበት አንዲት ጉርድ ፎቶ። ገልብጬ ጀርባዋን አየሁ። ምንም አልተጻፈባትም።

«የዘመቱት መቼ ነው?» አልኩ። አንዱ «በሶማሌ ጊዜ ነው» አለ። ሌላው «የለም፣ ሰሜን ነበሩ» አለ። ቀኝ እግራቸውን እንደሚያነክሱ ሁላችንም እናውቃለን። የት እንደተመቱ የሚያውቅ ግን አልተገኘም። ልጃቸውም አታውቅም። «ልጅ ሆኜ ጠይቄው ‹ስታድጊ እነግርሻለሁ› ብሎኝ ነበር» አለች። አደገች፣ አገባች፣ ወለደች። እሷ አልጠየቀችም፣ እሳቸውም አልተናገሩም። እኛም በመጨረሻ «ለሀገራቸው በክብር ዘምተዋል» ብለን አለፍነው። ዕድሜ ልካቸውን የጎተቱት እግር በሦስት ቃል አለቀ።

ወገኖቼ፣ ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የየቀብሩን የሕይወት ታሪክ እስኪ ልብ ብላችሁ ስሙት። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገቡ። በልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች አገለገሉ።» ልዩ ልዩ ማለት ምን ማለት ነው? አላወቅንም ማለት ነው። ሳንጠይቃቸው ሞቱብን ማለት ነው።

ሰውዬው የዘመቱት በእርግጥም በሶማሌ ጦርነት ከሆነ ያ ሦስት ቃል ምን እንደደበቀ ላስታውሳችሁ። ሐምሌ 1969 የዚያድ ባሬ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ። መስከረም ላይ ጅጅጋ ተያዘች። ከየገበሬው ቤት የወጣ ሚሊሻ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሰልጥኖ ወደ ምሥራቅ ተጫነ። የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ላይ ድል ሆነ። ያኔ የ20 ዓመት ጎረምሳ የነበረ ሰው ዛሬ 70ን እየተጠጋ ነው። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ደግሞ ስንቱ ወታደር ባዶ እጁን ወደ ቤቱ እንደተመለሰ፣ ስንቱም መንገድ ላይ እንደወደቀ የዚያ ዘመን ሰው ያውቃል። እኛ ግን የካቲት 26 በመጣ ቁጥር ፌስቡክ ላይ የታንክ ፎቶ እንለጥፋለን። ታንኩ አጠገብ የነበረው ሰው ግቢያችን ውስጥ ፀሐይ እየሞቀ ነው። ፎቶ ለጥፈን በአጠገቡ እናልፋለን። ሰላም ማለት እንኳ የሚረሳን አለን።

ኮሪያ ጦርነት ላይ የዘመተውን የቃኘው ሻለቃ ሰዎች ተመልከቱ። በፈረንጆች 1951 ከጅቡቲ በመርከብ ተጭነው ኮሪያ ወረዱ። በየተራው የሄዱት ከ6,000 በላይ ናቸው። ከ120 በላይ የሚሆኑት እዚያው ወደቁ። አንድም ሰው አልተማረከባቸውም። በዚያ ላይ ከደመወዛቸው እያዋጡ ወላጅ የሞተባቸውን የኮሪያ ሕፃናት አሳደጉ። ከዚያ ደርግ መጣ፣ መንግሥትም ከሰሜን ኮሪያ ጋር ተወዳጀ። ብዙዎቹ ሜዳሊያቸውን ሸሽገው አፋቸውን ይዘው ኖሩ። ዛሬ ማነው በራቸውን የሚያንኳኳው? ኮሪያውያን ናቸው። ባሕር ተሻግረው ይመጣሉ። ፎቶ ያነሷቸዋል። የልጅ ልጆቻቸውን ያስተምራሉ። ከጎናቸው በአጥር ብቻ የምንለይ እኛ ስማቸውን የሰማነው በእንግዳ አፍ ነው። ይህ ሊያሳፍረን ይገባል።

ወደ ቲቸር ልመለስ። የስፖርት አስተማሪ ነበሩ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የሰፈር ጨዋታ ይዳኛሉ። አንድ ክረምት ላይ ባለቀ ሰዓት በእኛ ቡድን ላይ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጡ። ተሸነፍን። ያን ቀን «ዳኛው ሌባ! ዳኛው ሌባ!» ብለው ከጮኹት አንዱ እኔ ነበርኩ። የ13 ዓመት ልጅ ነኝ። እሳቸው ኳሷን በብብታቸው ይዘው፣ እያነከሱ፣ አንድም ቃል ሳይመልሱ ሜዳውን አቋርጠው ሄዱ።

መስከረም ላይ ትምህርት ተጀመረ። በመጀመሪያው የስፖርት ክፍለ ጊዜ በስሜ ጠሩኝ። ልመታ ነው ብዬ ስጠጋ ፊሽካውን ከአንገታቸው አውልቀው አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ። «ዛሬ አንተ ነህ የምትዳኘው» አሉኝ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ክፍሉ በሙሉ «ሌባ!» ይለኝ ጀመር። ዕንባዬ መጣ። ቲቸር ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። «አትቁም! ያየኸውን ንፋ!» አሉኝ። ሌላ ምክር አልሰጡኝም። እስከ ዛሬ ሥራ ቦታ ላይ ሰው ሲጮህብኝ የማስታውሰው ይህን ነው።

ያን ሌሊት ላፕቶፑ ላይ «ሐቀኛ ዳኛ ነበሩ» ብዬ ጻፍኩ። ወገኖቼ፣ በሕይወት እያሉ ሌባ ብለን፣ ሬሳቸው ላይ ሐቀኛ እንላለን። «ቲቸር፣ ያን ቀን ልክ ነበሩ» ለማለት ከ20 ዓመት በላይ ጊዜ ነበረኝ። ቤታቸው ከቤቴ ሦስተኛው በር ነው።

ሕይወቱ ተመዝግቦ የቀረለት ሰው ደግሞ ልጥራላችሁ። ኦኒ ኒስካነን። በፈረንጆች 1910 ፊንላንድ ተወልዶ ስዊድን ያደገ ሰው ነው። ፊንላንድ በሶቪየት ስትወረር በፈቃደኝነት ዘምቷል። በፈረንጆች 1946 አዲስ አበባ መጣ። የክብር ዘበኛ ካዴቶችን አሠለጠነ። በትምህርት ሚኒስቴር የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርትን መራ። በቀይ መስቀል ውስጥ አገለገለ። በኋለኛ ዘመኑ ደግሞ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሠራ። የአበበ ቢቂላ አሠልጣኝም እሱ ነው። አበበ በፈረንጆች 1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገብቶ ሲያሸንፍ፣ በ1964 ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ቶኪዮ ላይ ሲደግም፣ አጠገቡ ይህ ሰው ነበረ። ሮም ላይ ከአክሱም ሐውልት አጠገብ ፍጥነት እንዲጨምር አስቀድመው ተመካክረው እንደነበር ይነገራል። ዘማች፣ አስተማሪ፣ የስፖርት ሰው፣ በጎ ፈቃደኛ። አራቱም በአንድ ሰው ላይ።

ቲቸርም እነዚሁ አራቱ ነበሩ። ልዩነቱ ዝና ብቻ አይደለም። የኒስካነንን ዘመን በቅደም ተከተል መቁጠር የምንችለው የጻፈለትና ያስቀመጠለት ሰው ስለነበረ ነው። የቲቸርን ግን ሦስተኛ በር ላይ ያለሁት እኔ አልጻፍኩም። ደግሞም ከእናንተ ውስጥ አበበን የማያውቅ የለም። ኒስካነንን የሚያውቅ ግን ስንት ነው? የሮጠውን እናጨበጭብለታለን፤ ሰዓት ይዞ ዳር ላይ የቆመውን አናየውም። ይህ አመል የቆየ ነው፣ በሰፈርም በሀገርም።

አሁን ከሁሉ የሚያናድደኝ ነገር ላይ ደረስኩ። ቲቸር ጡረታ ከወጡ በኋላ የዕድራችን ጸሐፊ ነበሩ። ደመወዝ የለውም። የውሎ አበል የለውም። ያለው ስድብ ነው፣ «ድንኳኑ ዘገየ»፣ «ወንበሩ ጎደለ»። ከቀብሩ በኋላ መዝገባቸውን ለማየት ዕድል አገኘሁ። ትልቅ፣ ጥቁር ሽፋን ያለው ነው። በየወሩ የከፈለ ሰው ስም ፊት ቀይ ምልክት አለ። ያልከፈለ ሰው ፊት ደግሞ በእርሳስ፣ በዚያ ቀጥ ባለ የመምህር ጽሕፈት፣ «ይታገሡት» ይላል። «ዕዳ» የሚል ቃል በመዝገቡ ውስጥ አላገኘሁም። አንዳንዱ ስም ፊት «ይታገሡት» ለአንድ ዓመት ሙሉ ተደጋግሞ ተጽፏል። በእርሳስ የጻፉት ሰውየው ሲከፍል ለማጥፋት ነው። ብዙ ቦታ የተላጲስ ምልክት ይታያል።

እሳቸው ካለፉ ወዲህ ሦስት ስብሰባ ተቀምጠናል። «ጸሐፊ ማን ይሁን?» ሲባል ሁላችንም መሬት መሬት እናያለን። አንዱ «ሥራ ይበዛብኛል» ይላል። ሌላው «ወጣቶቹ ይሞክሩት» ይላል። ወጣቶቹ ስልካቸውን ያያሉ። እነዚህ ሰዎች ቀብር ላይ «የማይተካ ሰው አጣን» ሲሉ የነበሩት ናቸው። የማይተኩት ማንም ሊተካቸው ስላልፈለገ ነው! በጎ ፈቃደኛን እየካብን ከበጎ ፈቃድ እንሸሻለን። እንዲህ ያለው ሙገሳ መሸሺያ ነው። «እሳቸው ልዩ ሰው ነበሩ» ስንል «ስለዚህ ከእኔ አይጠበቅም» ማለታችን ነው።

ሜዳውስ? ቲቸር የዳኙበት ሜዳ ዛሬ ግማሹ መኪና ማቆሚያ ነው። ሲታጠር ወጥተን የጠየቅን አልነበርንም። እሳቸው ብቻ ነበሩ ከቢሮ ቢሮ ሲመላለሱ የከረሙት። አንድም ቀን አብሬአቸው አልሄድኩም።

በውጭ ያላችሁም ከዚህ አታመልጡም። በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ በሐምሌ ሰሞን የምትሰበሰቡበት የኳስ ውድድር ከፈረንጆች 1984 ጀምሮ የቆመው በሰዎች ትርፍ ጊዜ ነው። ሜዳ ያስመረጠው፣ መለያ ያጠበው፣ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ የዳኘው ሰው አሁን አርጅቷል። በበዓል ቀን ደውላችሁ «እንኳን አደረሰዎ» ስትሉ አንድ ጥያቄ ጨምሩ። «እንዴት ጀመራችሁት?» በሉ። ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ።

አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ደሴ ያላችሁ፣ የምጠይቃችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። ሐውልት አቁሙ አላልኩም። በግቢያችሁ ወይም በመንገዳችሁ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት አሉ። ስልካችሁ ድምፅ ይቀዳል። የተወለዱበትን ቀበሌ፣ የዘመቱበትን ዓመት፣ ያስተማሩበትን ትምህርት ቤት፣ የጓዶቻቸውን ስም ጠይቁ። ፎቶ ካላቸው ጀርባው ላይ ስምና ዓመት ጻፉበት። የዕድር ጸሐፊ ጠፍቶ ከሆነ እጃችሁን አውጡ። እኔ ባለፈው እሑድ አውጥቻለሁ። መዝገቡ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። እርሳስ ገዝቻለሁ።

ከቤታችን በታች አንዲት እናት አሉ። በጦር ሆስፒታል ነርስ ነበሩ ይባላል። የትኛው ግንባር እንደሆነ፣ በየትኛው ዓመት እንደሆነ የሚያውቅ ጎረቤት አላገኘሁም። ትናንት በራቸውን አንኳኩቼ ቅዳሜ ከሰዓት መጥቼ ልጠይቃቸው እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ለምን እንደሆነም ነገርኳቸው። ነጠላቸውን እያስተካከሉ ትንሽ አሰቡ።

«ቡና አፈላለሁ» አሉኝ። «ግን ብዙ ነው ልጄ። አንድ ቅዳሜ አይበቃህም።»