ወገብ ሲጎዳ ብረቱ ይቁም ወይስ ይቅለል?

ባሩ፣ ክብደት የሚጫንበት የብረት ዘንግ፣ ገና ከመሬት ከመነሳቱ ወገብ ድንገት ይያዛል። ሰውየው ብረቱን ይለቅና ባለበት ይቆማል። በማግስቱ ካልሲ ማድረግ ራሱ ሥራ ይሆንበታል። ብረት በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በክብደት ማንሳትና በፓወርሊፍቲንግ (ሌላው የብረት ማንሳት ውድድር ዓይነት) ላይ የተሠሩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ በ1,000 ሰዓት ልምምድ ከ1 እስከ 4 ገደማ ጉዳት ይመዘገባል። በብዛት ከሚጎዱት ቦታዎች አንዱ ወገብ ነው።

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ ይህ ነው፦ «ብረት ሲያነሳ ወገቡን የተጎዳ ሰው ሕመሙ ሙሉ በሙሉ እስኪለቀው ድረስ ባር መንካት የለበትም።» የሚደግፈው ለረጅም ዓመታት ብረት ያሠራ አሰልጣኝ ነው። የምትቃወመው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት።

ሁለቱም አስቀድመው የተስማሙበት ነገር ስላለ እሱ ይቅደም። በጭን መካከልና በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ፣ ሽንት አልወጣ ማለት ወይም ማምለጥ፣ ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል፣ እየባሰ የሚሄድ የእግር መዛል ካለ ነገሩ አጣዳፊ ነው። በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። ከወገብ ሕመም ጋር ትኩሳት ያለበት፣ ያለ ምክንያት የከሳ ወይም ካንሰር ታሞ የሚያውቅ ሰውም ሐኪም ሳያየው መቆየት የለበትም። ክርክሩ ከእነዚህ ውጭ ስላለው የወገብ ጉዳት ነው።

አሰልጣኙ፦

እኔ ተኛ አልልም። «እረፍ» ስል ብዙ ሰው «አልጋ ላይ ዋል» ያልኩ ስለሚመስለው ነው ይህን የማስቀድመው። የአልጋው ነገር ያለቀለት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ የፊንላንድ ጥናት ወገባቸውን በድንገት የታመሙ ሠራተኞችን ሦስት ቦታ ከፍሎ ተከታተለ። አንደኛው ቡድን ሁለት ቀን ተኛ። ሁለተኛው የወገብ እንቅስቃሴዎች ታዘዙለት። ሦስተኛው ሕመሙ የፈቀደለትን ያህል የተለመደ ኑሮውን ቀጠለ። ከሁሉም ቶሎ የዳነው ሦስተኛው ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሦስተኛው ቡድን የቀደመው የተኙትን ብቻ አይደለም። እንቅስቃሴ የታዘዘላቸውንም ቀድሟል። የእኔም ምክር ከዚህ አይወጣም። ተራመድ፣ ሥራህን ሥራ፣ ደረጃ ውጣ። ባሩን ግን ለጊዜው ተወው።

ለምን ቢባል፣ የጂም ሰው «ቀለል አድርገህ ሥራ» ሲሉት የሚገባው ሌላ ነው። 140 ኪሎ ለለመደ ሰው 100 ኪሎ ቀላል ነው። የተቆጣ ወገብ ግን ትናንት ስንት ታነሳ እንደነበር አይጠይቅም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ደህና ይሄዳሉ። ሰውነት ሲሞቅ ሕመሙ ደብዘዝ ይላል። ሰውየው «ለቀቀኝ» ብሎ ኪሎ ይጨምራል። በማግስቱ ከአልጋ መነሳት ያቅተዋል። ይህን በሥራዬ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ሁሌም የሚያሳዝነኝ ነገር ነው። ሁለት ሳምንት ታግሦ ቢሆን የሚያልቅ ጉዳይ ለወራት ይጎተታል።

ሌላም አለ። የሚያመው ሰው እንደ ደህና ሰው አይንቀሳቀስም። ሳያውቀው ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፣ ዳሌው አንዱ ከአንዱ ቀድሞ ይነሳል። እንዲህ ባለ ፎርም ላይ ክብደት መጫን ምን ጥቅም አለው? ማስታገሻ ውጦ ጂም የሚገባውማ የባሰ ነው። እንዲያቆም የሚነግረውን ድምፅ አፍኖ ነው የመጣው።

ባለሙያዋ፦

አሰልጣኝ፣ የፊንላንዱን ጥናት በትክክል ነው ያቀረቡት። ማስታገሻ ወስዶ ክብደት መሞከር አይገባም ያሉትንም እቀበላለሁ። እኔ የምቃወመው በሐሳቡ ውስጥ ያለውን «ሙሉ በሙሉ» የሚለውን ነው።

አብዛኛው ድንገተኛ የወገብ ሕመም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በጣም ይቀንሳል። መቀነስ ግን መጥፋት አይደለም። ጠዋት ላይ ጭምድድ ማለት፣ ብዙ ሲቀመጡ መቆርጠም፣ ሄድ መለስ የሚል ትንሽ ሕመም ለወራት ሊቆይ ይችላል። እርስዎ ያሰቡት ሰው ሁለት ሳምንት ታግሦ ይመለሳል። እኔ ጋ የሚመጣው ሰው ግን «ሙሉ በሙሉ እስኪለቀኝ» ብሎ ዓመት ያለፈው ነው። እግሩ ቀጥኗል፣ ጀርባው ደክሟል። ልጁን ከመሬት ለማንሳት እንኳ ይፈራል። ያ ሰው ወገቡ ስለተሰበረ አይደለም እንዲህ የሆነው። ጭነትን ጠላቱ አድርጎ ስለቆጠረ ነው።

ፍርሃቱን ብዙ ጊዜ የሚያባብሰው የኤምአርአይ ወረቀት ነው። ዲስክ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለ ትራስ ነው። «ዲስኩ ወጥቷል» የሚል ቃል ያነበበ ሰው ከዚያ በኋላ በወገቡ አያምንም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ሰፊ ግምገማ ምንም የወገብ ሕመም የሌላቸውን ከ3,000 በላይ ሰዎች ምስል የያዙ ጥናቶችን ሰብስቦ ነበር። በ20 ዓመት ዕድሜ ካሉት ጤነኞች 30 በመቶው የተለጠጠ ዲስክ ነበራቸው። በ80 ዓመት ቁጥሩ 84 በመቶ ይደርሳል። የዲስክ እርጅና ደግሞ በ20 ዓመታቸው እንኳ በ37 በመቶው ላይ ታይቷል። ሁሉም ሳያማቸው ነው! ስለዚህ በምስሉ ላይ የታየው ነገር የሕመሙ ምክንያት ነው ብሎ ወዲያው መደምደም አይቻልም። በእውነት የወጣና ነርቭ የነካ ዲስክም ቢሆን በብዙ ሰው ላይ ከጊዜ ጋር እየሟሸሸ ይሄዳል፤ ሰውነት ራሱ ይመጠዋል።

ባሩ ራሱ መድኃኒት ሊሆን እንደሚችልም ልንገርዎ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከስዊድን የወጣ ጥናት የወገብ ሕመም ያለባቸውን 70 ሰዎች ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ክብደት ሳይዙ የወገብን እንቅስቃሴ የመቆጣጠር ልምምድ ሠሩ። ግማሾቹ በባለሙያ እየታዩ ዴድሊፍት፣ ማለትም ባርን ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆምን፣ ሠሩ። አዎ፣ ዴድሊፍት። የሁለቱም ቡድኖች ሕመም ቀነሰ፤ በሕመም መጠን ረገድ አንዱ ከሌላው አልበለጠም። ሕመም ያለበት ሰው ባር መንካት የለበትም የሚለው ሕግ እውነት ቢሆን የዴድሊፍቱ ቡድን መባስ ነበረበት።

አሰልጣኙ፦

እህቴ፣ የስዊድኑን ጥናት አውቀዋለሁ። ጨርሰሽ አልነገርሽንም። የዕለት ተዕለት ሥራን እንደልብ በመሥራት በኩል የተሻለው ያለ ክብደት የሠራው ቡድን ነው። እነዚያው ተመራማሪዎች በዴድሊፍት የሚጠቀመው ማን እንደሆነም አይተዋል። ሕመሙ ከመነሻው ቀለል ያለና ጀርባው ጽናት ያለው ሰው ነው ይበልጥ የተጠቀመው። እኔ የምከራከርለት ሰው ግን ትናንት የተጎዳው ነው፣ ሕመሙ ትኩስ የሆነበት። የአንቺ ማስረጃ ስለ እሱ ብዙ አይናገርም። ደግሞም በባለሙያ ዓይን ሥር የተሠራ ዴድሊፍትና በስልክ ቪዲዮ እያየ ብቻውን የሚያነሳ ወጣት አንድ አይደሉም።

ስለ ወጣት ካነሳን አንድ ከልቤ የምፈራው ጉዳት አለ። በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆች ላይ የወገብ ሕመም ሁልጊዜ የጡንቻ ጉዳይ አይደለም። በአከርካሪው የኋላ ክፍል፣ በተለይ በ5ኛው የወገብ አጥንት ላይ፣ ከተደጋጋሚ ጫና የሚመጣ ስንጥቅ አለ። ወደ ኋላ ለጠጥ ሲሉ ያማል። ተራ ራጅ ላይ መጀመሪያ ላይታይም ይችላል። ሕክምናው በብዙ ልጆች ዘንድ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ከስፖርቱ መራቅ ነው። «ትንሽ ቢያምህም ሥራ» የሚለውን ምክር ይህ ልጅ ከሰማ ማን ይጠየቃል?

ባለሙያዋ፦

ስለ ልጆቹ ፍጹም ትክክል ነዎት። በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ብረት የሚሠራ ልጅ ወገቡን ሲያመው፣ በተለይ ወደ ኋላ ሲለጠጥ የሚብስበት ከሆነ፣ መጀመሪያ ይመርመር። እስከዚያ ባር የለም።

ለአዋቂው ግን «አትንካ» ብቻ በቂ ምክር አይደለም። ሰው የማይደረገውን ከነገሩት በኋላ የሚደረገውንም መስማት ይፈልጋል። እኔ እንዲህ ነው የምሠራው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት መራመድ። አጭር፣ ግን በቀን ደጋግሞ። መቀመጥ ካስቸገረ ቆም ማለት፣ መቆም ካስቸገረ ጉልበትን አጥፎ ጋደም ማለት። ሙቀት ብዙ ሰው ያረጋጋል። በፓራሲታሞል ላይ ተስፋ አላደርግም፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በአውስትራሊያ የተሠራ ትልቅ ጥናት ለድንገተኛ የወገብ ሕመም ከማስመሰያ ክኒን ያልተሻለ ሆኖ አግኝቶታል።

ከዚያ ሰውየውን ከብረት ሙሉ በሙሉ አላስወጣውም። ብዙ ጊዜ የላይኛው አካል ሥራ ወገብን ሳያስቆጣ ሊሠራ ይችላል፤ ደረት በአግዳሚ ወንበር ላይ፣ በኬብል የሚጎተት የጀርባ ሥራ። ለእግር አንድ እግር ወደፊት አድርጎ መሥራት በሁለት እግር ባር ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ ከመነሳት (ስኳት) ይልቅ ወገብ ላይ የሚያርፈውን ጭነት ይቀንሳል። ሦስት የታወቁ እንቅስቃሴዎችንም እሰጣለሁ። በጎን ተደግፎ መቆየት፣ በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ተቃራኒ እጅና እግርን መዘርጋት፣ ወገብን ሳያጎብጡ ጭንቅላትና ትከሻን በጥቂቱ ማንሳት። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ስቱዋርት ማክጊል ያስተዋወቋቸው ናቸው። አድካሚ አይመስሉም፤ ግን የሰውነትን ግንድ፣ ሆድና ወገብን፣ ያጸናሉ።

ወደ ዴድሊፍት ስንመለስ ባሩን ከመሬት አናነሳውም። ከፍ ባለ ነገር ላይ እናስቀምጠዋለን፣ ከጉልበት በታች ወይም ከጉልበት ላይ። ባዶ ባር ይሁን። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 እየሰጠ ይነግረኛል። ከ3 ካላለፈና በማግስቱ ወደ ነበረበት ከተመለሰ እንቀጥላለን። ካለፈ ወይም ካደረ እንቀንሳለን። በየጊዜው ወይ ከፍታውን ዝቅ እናደርጋለን ወይ ኪሎ እንጨምራለን፤ ሁለቱን ባንድ ቀን ፈጽሞ አንነካም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው አያውቀውምና። ዲስክ ሌሊት ተኝተን ሳለ እንደ ስፖንጅ ውሃ ይጠጣል። ጠዋት ስንነሳ የተነፋ ነው፤ ጎንበስ ስንል የሚሰማው ጫናም ያን ጊዜ ይበዛል። ስለዚህ ወገቡን የተጎዳ ሰው ከእንቅልፉ እንደተነሳ ዴድሊፍት አይሥራ። አንድ ሁለት ሰዓት ይራመድ፣ ይንቀሳቀስ። ይህ ብቻውን የብዙ ሰው ጠዋት ሲለውጥ አይቻለሁ።

አሰልጣኙ፦

ይህ ጥሩ አሠራር ነው። እኔም ተማሪ ስመልስ ባሩን ከፍ አድርጌ ነው የምጀምረው። ችግሬ «ከ10 ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ላይ ነው። መልሱን የሚሰጠው ማን ነው? ውድድር የቀረበበት ሰው 6ቱን 3 ይለዋል። ሊዋሽሽ አስቦ አይደለም፣ ማንሳት ስለሚፈልግ ነው። የብረት ማንሻ ቀበቶውን አጥብቆ ያስርና «አሁን ደህና ነኝ» ይላል። ቀበቶ የሆድ ውስጥ ግፊት እንዲጨምር ይረዳል እንጂ የተጎዳን ወገብ አያድንም። ወገቡን አንዴ የታመመ ሰው እንደገና የመታመም ዕድሉ ካልታመመው እንደሚበልጥ ደግሞ አንቺም ታውቂያለሽ።

ባለሙያዋ፦

አውቃለሁ። ያው እውነት ግን ለእኔም ይሠራል። እንደገና ሊያመው የሚችል ሰው ደካማ ሆኖ ቢጠብቅ ነው የሚሻለው ወይስ ጠንክሮ?

ልዩነታችን የት እንዳለ አሁን ገብቶኛል። እርስዎ በየቀኑ የሚያዩት ቸኩሎ የሚመለሰውን ነው። እኔ የማየው ፈርቶ የቀረውን ነው። ፈርቶ የቀረው ጂም ስለማይመጣ ከእርስዎ ዓይን ተሰውሯል። ሁለቱን በአንድ ሕግ ማስተዳደር አይቻልም። ለቸኳዩ ማቆሚያ ያስፈልገዋል። ለፈሪው ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ «ወገብህ አልተሰበረም፣ ባዶ ባር አይሰብርህም» የሚለው ሰው። የቀረበው ሐሳብ ግን ለሁለቱም «ጠብቅ» ነው የሚለው።

ስለዚህ ሐሳቡ እንዲህ ቢስተካከል እቀበለዋለሁ፦ ሕመሙ ትኩስ ሳለ ከመሬት የሚነሳ ከባድ ክብደት ይቁም፤ ጎንበስ ቀና ማለት ሲቻልና ሕመሙ ማደር ሲያቆም ባዶ ባር ይጀመር፣ የቀረ ሕመም ቢኖርም።

አሰልጣኙ፦

«ሙሉ በሙሉ» የሚለውን እተዋለሁ። ትርፍራፊ ሕመም ይዞ ዓመት የቆመውን ሰው አላሰብኩትም ነበር፤ እሱን ጠብቅ ማለት ግፍ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ላይ ግን አልንቀሳቀስም። አንቺ «ጎንበስ ቀና ማለት ሲቻል» ያልሽውን ሰው በሦስተኛው ቀን ቻልኩ ይላል። አንቺ አጠገቡ ከሆንሽ እሺ። አንቺ ከሌለሽ፣ ብቻውን ከሆነ፣ ሁለት ሳምንት ባር አይንካ። ከዚያ በኋላ በባዶ ባር፣ ከጉልበት በላይ ይጀምር።

ባለሙያዋ፦

ብቻውን ለሚሠራው እስማማለሁ። የሚያየው ሰው ላለው ግን አልስማማም። አምስተኛው ቀን ላይ ባዶ ባር ያስያዝኳቸው ሰዎች አሉ፤ ነገም አስይዛለሁ።