ስም መጻፍ ብቻ አይደለም

ከስብሰባው አሁን መግባቴ ነው። ነጠላዬን ሳላጥፍ ተቀምጬ የምጽፈው፣ ነገሩ ካደረ ቁጣዬ በርዶ እንደ ሌሎቹ ዓመታት «ይሁን» ብዬ እንደምተወው ስለማውቅ ነው። እዚህ አሜሪካ ቤተ ክርስቲያናችን ለምእመናኑ የገና ካርድ ይልካል፤ የአድራሻውን ዝርዝር የምይዘው እኔ ነኝ። የካርዱ ጉዳይ ዛሬም ተነሣ፤ ዛሬም በእኔ ላይ ተፈረደ።

ሰብሳቢያችን በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ስለሆኑ መልስ አልሰጠኋቸውም። ያሉትን ግን እንዳለ ላስቀምጠው። «ልጄ፣ 412 ካርድ ነው እንጂ 412 መጽሐፍ አይደለም። ስም ትጽፊያለሽ፣ ቴምብር ትለጥፊያለሽ፣ ፖስታ ቤት ታደርሻለሽ። ሕፃናት የሚሠሩትን ሥራ ይህን ያህል ማክበድ ምን ይባላል?» እኔም ዝርዝሩን ለማጥራት ብቻ ሦስት ሳምንት እንደሚያስፈልግ፣ ይህንንም በጥቅምት ወር በጽሑፍ ማቅረቤን አስታወስኩ። «ሥራ የጠላ ሰው ቀን ይቆጥራል» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ከሁሉም ጎልቶ የሳቀው ደግሞ ቤት ከቀየረ ሦስት ዓመት ሞልቶት አዲሱን አድራሻ እስከ ዛሬ ያልሰጠኝ ወንድም ነው።

ዛሬ ታኅሣሥ 12 ነው። በዓሉ ታኅሣሥ 29 ነው። «ካርድ ይላክ» ተብሎ የተወሰነው ደግሞ ዛሬ ነው።

ስም መጻፍ ሥራው አይደለም። ስሙን ማተም የአንድ ምሽት ጉዳይ ነው፤ አንዱ የሌብል (ተለጣፊ) ወረቀት 30 አድራሻ ይይዛል፣ 14 ወረቀት ለ412 ቤት ይበቃል፣ ኮምፒውተሩ ዝርዝሩ ካለበት የኤክሴል ሠንጠረዥ እያነበበ በግማሽ ሰዓት አትሞ ይጨርሰዋል። ሥራው ያለው ከዚያ በፊት፣ ዝርዝሩ ላይ ነው። ዝርዝሩን ዓመቱን ሙሉ ዞር ብሎ የሚያየው የለም፤ በታኅሣሥ ግን ሁሉም ሰው በላዩ ላይ ዳኛ ይሆናል።

የእኛ ስም ለዚህ አገር ፎርም አልተሠራም። መዝገቡን ከእኔ በፊት የሞላው ሰው ፎርሙ «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ስላለው ገብረ መድኅንን ለሁለት ከፍሎ ገብረን በአንዱ፣ መድኅንን በሌላው ዓምድ አስገባ። ወለተ ማርያምም እንደዚያው ተከፈለች። ውጤቱ «ለማርያም ቤተሰብ» የሚል ፖስታ ነው። እመቤታችን በሜሪላንድ አፓርትመንት ተከራይታ ካርድ የሚላክላት ይመስል! ይህን አንድ በአንድ እየለየሁ የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ገብረ እና ወልደ፣ ኃይለ እና ወለተ፣ ተክለ እና ጽጌ፣ በሌሊት፣ ልጆቼን ካስተኛሁ በኋላ።

ከዚያ ደግሞ ባልና ሚስቱ አሉ። እኛ በአባታችን ስም ስለምንጠራ በአንድ ቤት ያሉ ባልና ሚስት ሁለት የተለያየ ስም ይዘው ይመዘገባሉ፤ ኮምፒውተሩም ሁለት ቤት ነው ብሎ ሁለት ካርድ ያወጣል። ሁለቱን ላዋሕድ ብዬ በባልየው ስም ብቻ ስጽፍ ሚስቲቱ ትቀየመኛለች፤ መቀየሟም እውነት አላት፣ በየሳምንቱ ወጥ ቤት ቆማ የምታገለግለው እርሷ ናት። ፀሐይ የምትባል አንዲት እኅታችን በእንግሊዝኛ ፊደል በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሦስት ጊዜ ተመዝግባ አምና ሦስት ካርድ ደርሷታል። ጎረቤቷ አንድም አልደረሳት። ቅሬታው የመጣው ለእኔ ነው።

ወደ ቦስተን የሄዱትን ልጆቻችንንማ ተዉት። የዚያ አካባቢ ዚፕ ኮድ፣ ማለት የአካባቢው የፖስታ መለያ ቁጥር፣ በዜሮ ይጀምራል፤ ኤክሴሉ ተራ ቁጥር መስሎት ዜሮዋን ይጥላትና አምስቱ አኃዝ አራት ይሆናል። ዓምዱን ወደ ጽሑፍ ካልቀየሩት በስተቀር በእጅ ብታርሙትም ተመልሶ ይጥላታል። ይህን ለሰብሳቢያችን ለማስረዳት አንድ ጊዜ ሞክሬ «ዜሮ ምን ዋጋ አላት?» ተብያለሁ።

ፖስታውስ ማን ነው የመረጠው? እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ጥቁር ቀይ፣ አራት ማዕዘኑ እኩል የሆነ፣ በጣም የሚያምር ፖስታ ተገዝቶ መጣ። እንዲህ ያለው ፖስታ በፖስታ ቤቱ የደብዳቤ መለያ ማሽን ስለማያልፍ ከመደበኛው ቴምብር በላይ በእያንዳንዱ ላይ ተጨማሪ ይከፈልበታል፤ ርዝመቱ ቢያንስ የቁመቱን 1.3 እጥፍ መሆን ነበረበት። መደበኛው ብቻ ከ300 ዶላር በላይ ነው። ተጨማሪው ሲነገር ደግሞ «ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት በጅምላ በርካሽ ይልካሉ፣ አንቺ ለምን አላጠናሽም?» ተባልኩ።

አጥንቻለሁ። ሁለት ጊዜ አጥንቼ አቅርቤአለሁ። የጅምላው ታሪፍ 200 ደብዳቤና ከዚያ በላይ ላለው ይሠራል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ፈቃድ ማውጣትና በየዓመቱ መክፈል፣ ለትርፍ ላልቆመ ድርጅት የሚሰጠውን ቅናሽ ለማግኘት ለብቻ ማመልከት፣ ካርዱን በዚፕ ኮድ ለይቶ ማሰር፣ ዝርዝሩንም ከመላኩ በፊት በነበሩት 95 ቀናት ውስጥ ከፖስታ ቤቱ የአድራሻ ለውጥ መዝገብ ጋር ማመሳከር ይጠይቃል። ከሁሉ የከፋው ግን ቤት ለቀየረ ሰው ካርዱ ተከትሎት አይሄድም፣ ለእኛም አይመለስም፤ እዚያው ይጣላል፣ ለማን እንዳልደረሰም አናውቅም። በመደበኛው ሲላክ ግን አድራሻ መቀየሩን ላስመዘገበ ሰው ለ12 ወር ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይከተለዋል። በየዓመቱ ቤት ለሚቀይር ምእመን የትኛው ይሻላል?

አሁን ያስለቀሰኝ የመጨረሻው ነው። አምና አንዲት እናታችን፣ ባለቤታቸው ካረፉ አራት ወር የሆናቸው፣ በሁለቱም ስም የተጻፈ ካርድ ደረሳቸው። ዛሬ ይህ በሁሉ ፊት የእኔ ስንፍና ማስረጃ ሆኖ ተነሣ። እኔ እኮ የዐርባው ቀን እንጀራ ሳቀርብ የዋልኩ ሰው ነኝ! ነገር ግን እኝህ አባት በሰፈር «ጋሼ» እየተባሉ በቤት ስማቸው፣ በፍትሐቱ በክርስትና ስማቸው ይጠሩ ነበር፤ በመዝገቡ ላይ ያሉት ደግሞ በፓስፖርት ስማቸው ነው። ሦስቱ ስም የአንድ ሰው መሆኑን የነገረኝ የለም። ካርዱ የደረሳቸው ዕለት እናታችን ራሳቸው ደወሉልኝ። አልተቆጡም። «ልጄ፣ ስሙን ከስሜ ጎን ሳየው ፖስታውን ለመክፈት አቅም አጣሁ፤ እስካሁን ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀምጬዋለሁ» አሉኝ። ይህን ማንም ከሚናገረኝ በላይ ተሸክሜዋለሁ፤ ዛሬ አዳራሽ ውስጥ የሳቀው ሰው እንዲያስታውሰኝ አያስፈልገኝም።

አዲስ አበባ ሳለን አባቴ ለበዓል ፖስት ካርድ ሲልክ በእጁ ጽፎ፣ ከሥሩ የፖስታ ሣጥን ቁጥሩን አስፍሮ ይጨርስ ነበር። በአንድ ሣጥን ቁጥር ስንትና ስንት ቤተሰብ ይጠቀም ነበር፤ «በእገሌ በኩል ይድረስ» ከተባለ ይደርሳል። ዘንድሮም ወደ አገር ቤት የሚሄዱ 23 ካርዶች አሉን። ለአንዱ የተሰጠኝ አድራሻ «ከጊዮርጊስ ጀርባ፣ ቀዩ በር» የሚል ነው። የሣጥን ቁጥር ብጠይቅ «ሰው ጠይቀሽ አድርሺው» ተባልኩ።

ደክሞኛል። ካርዱ አይቅር፤ የሚያስተክዘኝም እርሱ ነው። ቤተ ክርስቲያን መምጣት ያልቻሉ፣ በአረጋውያን ማቆያ ያሉ፣ በዓመት ውስጥ በስማቸው የሚመጣላቸው ብቸኛ የአማርኛ ጽሑፍ ይህ ካርድ የሆነ ሰዎች በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ለእነርሱ ስል ነው ዛሬም ተነሥቼ ያልወጣሁት።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ ታውቃላችሁ ማን እንደሆናችሁ። የ37 ቤት አፓርትመንት ቁጥር ጎድሎኛል። ፎቶ፣ የድምፅ መልእክት፣ «እደውልልሻለሁ» አልቀበልም። ሙሉ ስም ከነአባት፣ የባልም የሚስትም፤ በዚህ ዓመት ከቤታችሁ ያረፈ ካለ በመዝገቡ ላይ ካለው ስሙ ጋር፤ የቤት ቁጥር፣ የአፓርትመንት ቁጥር፣ ዚፕ ኮድ፤ በጽሑፍ፣ እስከ ማክሰኞ ማታ። ረቡዕ ማታ አትማለሁ።