ቆጠራ በመጣ ቁጥር

በምሠራበት ሱቅ የዕቃ ቆጠራ ሲቃረብ ሆዴ ይታወካል። ያልሰረቅሁትን ልከፍል ነው!

አንዱ ገንዘብ ተቀባይ ሽያጩን ይመዘግብና ደንበኛው ሲወጣ ይሰርዘዋል፤ ገንዘቡ ኪሱ ይገባል። ሌላዋ ለጓደኛዋ አምስት ዕቃ አሽጋ የሁለቱን ብቻ ታስከፍላለች። ዕቃ ክፍል ያለው ደግሞ «ተሰብሯል» ብሎ ጽፎ ደህናውን ይዞ ይሄዳል። ጉድለቱ ሲታይ ግን «ሌባው ካልታወቀ ሁላችሁም ትከፍላላችሁ» ይባላል።

ብትጠይቋቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ ደመወዙ አያኖርም። እውነት ነው፣ አያኖርም። የእኔስ ያኖራል እንዴ? አሜሪካዊው የወንጀል ተመራማሪ ዶናልድ ክሬሲ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ጥናት፣ የአደራ ገንዘብ ያጎደሉ እስረኞች «የተበደርሁት ነው» እያሉ ራሳቸውን ያሳምኑ እንደነበር ጽፏል። የእኛዎቹ ብድር እንኳን አይሉትም፤ ድርሻቸው አድርገውታል!

አሠሪውም ቢሆን (ይህም ይነገር) የትርፍ ሰዓት ክፍያችንን ሲያስቀር ሌባ መባል አይፈልግም። መውጫው በር ላይ ቦርሳዬን የሚያስበረብረው ግን እሱ ነው። በርብሩ፤ ምንም አታገኙም። ለሌላ ሰው እጅ ዓመል ከደመወዜ የቆረጣችሁትን ብቻ መልሱልኝ።