የባትሪ ዜና ስታነቡ መጀመሪያ አምፔሩን ፈልጉ

በየጥቂት ወሩ «በእጥፍ የሚይዝ አዲስ የሊቲየም ባትሪ ተሠራ» የሚል ዜና ብቅ ይላል። በኤሌክትሪክ የሚበሩ ሞዴል አውሮፕላኖችን የሚወድ ሰው ይህን ሲያነብ ልቡ ስቅል ይላል። ስምንት ደቂቃ በርራ የምታርፈው አውሮፕላኑ ግማሽ ሰዓት አየር ላይ ስትቆይ ይታየዋል። እኔ ግን ዜናው ውስጥ አንድ ቁጥር ፍለጋ እገባለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጄን እወጣለሁ። ይሄ ባትሪ በአንዴ ስንት አምፔር መስጠት ይችላል? አምፔር ማለት ኤሌክትሪኩ በምን ያህል ብዛት እንደሚፈስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 አምፕሪየስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኪሎ 500 ዋት ሰዓት የሚይዝ ሴል መሥራቱን አስታወቀ። ዋት ሰዓት የተጠራቀመው ጉልበት መለኪያ ነው፤ ሴል ደግሞ ባትሪ የሚገነባበት አንዱ ክፍል። እኛ የለመድነው ሊቲየም ፖሊመር፣ ማለትም ሊፖ፣ በኪሎ ከ130 እስከ 200 አካባቢ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ አላጣጥለውም። ዘዴው ባትሪው ሲሞላ ሊቲየሙን የሚያስቀምጠውን ግራፋይት አውጥቶ ሲሊከን ማስገባት ነው። ሲሊከን ብዙ ሊቲየም ይውጣል። ሲውጥ ግን ሦስት እጥፍ ያህል ያብጣል፣ ሲሰጥ ደግሞ ይሟሽሻል። ይሄ መነፋትና መሟሸሽ ዕድሜውን ይበላዋል።

የዚህ ኩባንያ የሲሊከን ሴሎች ምን ላይ እንደበረሩ ማየት ብዙ ያስተምራል። ዜፊር የሚባል፣ ኤርባስ ያሠራው፣ በፀሐይ ኃይል የሚሄድ ሰው አልባ አውሮፕላን አለ። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 25 ሜትር ነው፤ ክብደቱ ግን 75 ኪሎ ገደማ ብቻ። እውነቱን ለመናገር ግዙፍ ሞዴል አውሮፕላን ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳያርፍ 64 ቀን በርሯል። ቀን ፀሐይ ይሞላዋል፣ ሌሊቱን ሙሉ ከባትሪው በቀስታ ይስባል። አይገለበጥም፤ እንደ ሮኬት ሽቅብ አይተኮስም።

የእኛዋ ግን ጠባይዋ ሌላ ነው። አንድ ኪሎ የምትመዝን፣ ሜዳ ላይ የምናበራት አውሮፕላን እንውሰድ። ብዙ ሰው የሚጭንባት ሦስት ሴል ያለው የ2200 ሚሊ አምፔር ሰዓት ሊፖ ነው። 11.1 ቮልት፣ 24 ዋት ሰዓት፣ 180 ግራም አካባቢ። ሙሉ ጉልበት ስትሰጧት 30 አምፔር ትስባለች፤ 330 ዋት መሆኑ ነው። ባትሪው ይህን ማቅረብ ካቃተው ቮልቴጁ ይወድቃል፣ ፕሮፔለሩ ይደክማል፣ አውሮፕላኗ ገና ያልተነካ ጉልበት ተሸክማ ትወርዳለች። አንገቱ የጠበበ ጀሪካን የፈለገውን ያህል ሊትር ቢይዝ እሳት አያጠፋም።

ታሪኩም የሚለው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 እንግሊዛዊው ኮሎኔል ታፕሊን በሬዲዮ የሚመራ የኤሌክትሪክ ሞዴል ሲያበር የተጠቀመው የብርና የዚንክ ባትሪ ነበር። ውድ ነው፤ ግን ጉልበተኛ። በጣም የሚገርመኝ ደግሞ የትራፓኖው ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 አካባቢ ዴዋልት 36 ቮልት ትራፓኖዎቹን ኤ123 በተባለ ኩባንያ የሊቲየም ብረት ፎስፌት ሴሎች መሸጥ ጀመረ። አንዷ ሴል 70 ግራም ትመዝናለች፣ 70 አምፔር ትሰጣለች። የምትይዘው ከሊፖ ያነሰ ነው፤ በኪሎ 110 ዋት ሰዓት እንኳ አትሞላም። እንዲያም ሆኖ የሞዴል አውሮፕላን ሰዎች የትራፓኖ ባትሪ እየገዙ፣ ሽፋኑን እየፈለቀቁ፣ ሴሎቹን አውሮፕላናቸው ላይ ይጭኑ ነበር። ቶሎ ትሰጣለች፣ ቶሎ ትሞላለች፣ በቀላሉም እሳት አይነሳባትም። ማንም ለእነሱ ብሎ አልሠራትም።

ዛሬም ቢሆን ለእኛ የሚሆነው «አዲስ» ባትሪ ከዜናው ይልቅ እንዲህ ካለው ጓዳ ነው የሚገኘው። የታይዋኑ ሞሊሴል ፒ42ኤ የሚባል ክብ ሴል አለው። 70 ግራም፣ 4.2 አምፔር ሰዓት፣ እስከ 45 አምፔር። ሦስቱን ብታያይዙ 210 ግራምና 45 ዋት ሰዓት ይሆናል። 30 ግራም ጨመራችሁ፣ በረራው ወደ እጥፍ ተጠጋ። በእርግጥ ሙሉ ጉልበት ላይ ከጠቅላላው አንድ ቮልት ተኩል ያህል ይወርዳል። የሞተሩ ፍጥነት መቆጣጠሪያም በቅንብሩ ካልተነገረው፣ ቮልቴጁ ሲወርድ ያለቀ ሊፖ መስሎት ቶሎ ይዘጋል። በጭንቅላቷ ቆማ ለምትጨፍር አውሮፕላን አልመክረውም። ዝግ ብላ ለምትዞር ግን ምን ይጠበቃል?

አንድ ነገር በቅንፍ ልበል። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ሲመጣ ባትሪ የሚይዝ ሰው፣ የአየር መንገዶች ሕግ የሚቆጥረው ዋት ሰዓት እንጂ ግራም እንዳልሆነ ይወቅ። ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው፤ እስከ 100 ዋት ሰዓት ድረስ ልዩ ፈቃድ አይጠየቅም። ስድስት ሴል ያለው የ5000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ሊፖ 111 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ አየር መንገዱን ማስፈቀድ ግድ ነው። ባትሪው ቢቀልም ባይቀልም ለውጥ የለውም።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ግን የሊፖ ልጣፍ ነው። በየመደብሩ 2200 ባትሪ ላይ «60 ሲ» ተብሎ በደማቁ ይጻፋል፤ ባትሪው ከሚይዘው አምፔር ሰዓት 60 እጥፍ አምፔር ይሰጣል ለማለት ነው። አስሉት፦ 60 ጊዜ 2.2፣ 132 አምፔር ነው። ባትሪው በአንድ ደቂቃ ባዶ ይሆናል ማለት ነው። የተገጠመለት ያ ቢጫ መሰኪያ፣ ኤክስቲ 60፣ የተሠራው ለ60 አምፔር ነው። ሽቦውም ቢሆን አይችለውም። ሻጩም ያውቃል፣ ገዢውም ያውቃል፣ ቁጥሩ ግን በየዓመቱ ያድጋል። እኔ የምለው፣ ይሄ ቁጥር ተፍቆ በምትኩ የሴሉ የውስጥ ሬዚስታንስ፣ ማለትም ሴሉ ራሱ ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚያግድ፣ ይታተም፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። እሱን መዋሸት ከባድ ነው፤ ዋጋው መካከለኛ የሆነ ቻርጀር እንኳ በሚሊ ኦም ለክቶ ያሳያል። ሁለት አዲስ ባትሪ ሰክታችሁ አንዱ በሴል 3፣ ሌላው 12 ካሳያችሁ፣ ሁለቱም ላይ 60 ሲ ቢጻፍ እንኳ የትኛውን ወደ ሜዳ ይዛችሁ እንደምትሄዱ መካሪ አያሻችሁም።